አንድ ፊልም፣ ሁለት መጨረሻ
በቤት የፊልም ክምችት ውስጥ የአንድን ሥራ ልዩ ልዩ ቅጂዎች ስለ መያዝ

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ የሰሊጥ አጨዳ ገና ባላለቀበት ሰሞን፣ ለአንድ ጉዳይ ወደ መተማ ዮሐንስ ወርጄ ነበር። ከጎንደር በአዘዞና በአይከል አድርጎ ወደ ቆላው የሚወስደው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማለዳ ጎንደር ላይ ጋቢ የደረበ መንገደኛ ገንደ ውኃ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። መተማ ላይ የተቀበለኝ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ፣ በዚያን ጊዜ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምር የነበረ ወጣት ነው። ታላቅ ወንድሙ በዋናው መንገድ ዳር ፊልምና ዘፈን በፍላሽና በሞባይል ሚሞሪ የሚጭንባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። በአጨዳ ወቅት ከደጋው የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉጎች፣ ወደ እርሻ ካምፕ ከመግባታቸው በፊት ስልካቸውን በፊልም የሚያስሞሉት በዚያች ሱቅ ነበር።

ባለ ሱቁ ችግር ገጥሞት ነበር። ሁለት ቴራባይት የሚይዘው ሃርድ ዲስኩ ሞልቷል። «ዶክተር፣ አንዱ ፊልም ሦስት አራት ጊዜ ተደጋግሞ ተቀምጧል፤ የትኛውን ልጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ነገሩ እጅግ ቀላል መስሎኝ፣ «የፊልሙን ርዝመትና የፋይሉን መጠን ተመልከት፤ ረጅሙንና ትልቁን አስቀር፣ ሌላውን አጥፋ» አልሁት። አልፌም ራሴ ቁጭ ብዬ ሥራውን ጀመርሁ። ከተደጋገሙት መካከል «ሾሌ» የተባለው የሕንድ ፊልም ነበር። አንደኛው ፋይል 198 ደቂቃ ርዝመት፣ ከሁለት ጊጋባይት በላይ መጠን፣ ጥርት ያለና ሰፊ ምስል ነበረው። ሁለተኛው 196 ደቂቃ፣ መጠኑ ያነሰ፣ ቀለሙ የገረጣ፣ ከግርጌው የዓረብኛ ጽሑፍ የታተመበት፣ ከቪዲዮ ካሴት የተቀዳ መሆኑ በግልጽ የሚታይ ነበር። ድምፁን እንኳ ሳልከፍት ሁለተኛውን አጠፋሁት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት ወደ ሱቋ መጡ። በወጣትነታቸው ገዳሪፍ የሠሩ፣ ከዚያም በመተማ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ትኬት ይቆርጡ የነበሩ ሰው መሆናቸውን ኋላ ሰማሁ። «ልጄ፣ ያችን የእኛን ሾሌ ጫንልኝ፤ ታኩር ጋባርን የሚገድልባትን» አሉ። ባለ ሱቁ የቀረውን ፋይል ከፍቶ መጨረሻውን አሳያቸው። በዚያ ላይ ታኩር ጋባርን ሊገድል ሲል ፖሊሶች ይደርሱና ያስቆሙታል። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህማ የመንግሥት ነው» አሉ። የእሳቸው ቅጂ ሌላ መጨረሻ ነበረው፤ ከዚያም በላይ ከብዙ ዓመት በፊት በሞት የተለየ ባልንጀራቸው በቪዲዮ ቤቱ ማይክሮፎን የዓረብኛውን ጽሑፍ እያነበበ በአማርኛ የተረከበት ድምፅ ነበረበት። የሂንዲ ፊልም፣ የዓረብኛ ጽሑፍ፣ የአማርኛ ድምፅ፦ ድንበር ላይ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ቅጂ የት ይሠራል?

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዚያች ስህተት ምክንያት ነው። አንድ የፊዚክስ መምህር ሁለት ቁጥሮችን አነጻጽሮ የተሳሳተ ፍርድ የሰጠው እንዴት ነው? እንዲህ ያለ ክምችት በቤቱ ያለውስ ሰው ቅጂዎቹን እንዴት ቢይዝ ይበጀዋል? (ስለ ቤት ክምችት ስናገር በሕጋዊ መንገድ ስለተገኘ ቅጂ መናገሬ ነው፤ የሰውን ሥራ አባዝቶ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ መሆኑን ባለ ሱቁም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የቪዲዮ ቤቱ ተራኪም ፈቃድ አልጠየቀም። ይሁንና የአንድ ቅጂ አፈጣጠር ሕጋዊ አለመሆኑ የታሪክ ዋጋውን አያጠፋውም።)

አጭሩ እንዴት ረጅም ሆነ

«ሾሌ» በራሜሽ ሲፒ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 1975 ለሕዝብ የቀረበ ፊልም ነው። ጊዜው በሕንድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ነበርና የሳንሱር ቦርዱ አንድ ዜጋ ሕግን በእጁ አስገብቶ ሽፍታውን ሲገድል የሚያሳየውን መጨረሻ አልፈቀደም። ስለዚህ ፖሊሶች የሚደርሱበት ሌላ መጨረሻ ተቀረጸ፤ የጭካኔ ትዕይንቶችም ተቀነሱ። ሲኒማ ቤት የገባው ፊልም 198 ደቂቃ ሆነ። ያልተቆረጠው 204 ደቂቃ ሲሆን፣ በቪዲዮ ካሴት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

እንግዲህ አዛውንቱ የሚሉት ሙሉ ፊልም 204 ደቂቃ ከሆነ፣ እኔ ያጠፋሁት ደግሞ 196 ደቂቃ ከነበረ፣ እንዴት ሙሉው እሱ ሊሆን ይችላል? መልሱ በሲኒማና በቴሌቪዥን የፍጥነት ልዩነት ውስጥ ይገኛል። የሲኒማ ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ነጠላ ምስሎችን ያሳያል። ሕንድም፣ ሱዳንም፣ ኢትዮጵያም ይጠቀሙበት የነበረው ፓል የተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ግን በሰከንድ 25 ምስሎችን ነው የሚያሳየው። ፊልሙን ወደ ካሴት የሚያዛውሩት ባለሙያዎች በየሰከንዱ አንድ ምስል ከየት ያምጡ? ቀላሉ መንገድ ፊልሙን ጥቂት ማፍጠን ነው። ስለዚህ ርዝመቱ በ24/25 ይባዛል፦

204 × 24 ÷ 25 = 195.84 ደቂቃ።

ወደ 196 የቀረበ ቁጥር ነው። በአንጻሩ በአሜሪካና በጃፓን ይሠራበት በነበረው ኤንቲኤስሲ በተባለው ሥርዓት አንዳንዱን ምስል በመደጋገም 24ቱን ወደ 30 ገደማ ያደርሱታል እንጂ ፊልሙን አያፈጥኑትም፤ ርዝመቱም እንዳለ ይቆያል ማለት ይቻላል። ያስቀረሁት ባለ 198 ደቂቃ ፋይል ከእንዲህ ያለ ዲቪዲ የተቀዳ ነበር። ስለዚህ ስድስት ደቂቃ የተቆረጠለት ፊልም በሰዓት ሲለካ ካልተቆረጠው በሁለት ደቂቃ በለጠ። ሁለቱን ርዝመቶች ሳነጻጽር በሁለት የተለያዩ ሰዓቶች የተለኩ መሆናቸውን አልጠየቅሁም። ይህን ስህተት የአንደኛ ዓመት ተማሪ በቤተ ሙከራ ሪፖርቱ ላይ ቢሠራው በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበት ነበር።

ማፍጠኑ በድምፅም ላይ ይታወቃል። ፍጥነቱ በ4.17 በመቶ ሲጨምር የድምፁ ድግግሞሽም በዚያው መጠን ያድጋል፤ በ200 ኸርዝ የተነገረ ቃል በ208.3 ኸርዝ ይሰማል። በሙዚቃ ቋንቋ ከግማሽ ድምፅ ርቀት ያነሰ፣ ሰባ በመቶው ያህል ነው። ተራ አድማጭ አያስተውለውም፤ ክራር የሚቃኝ ሰው ግን ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ቢሰማ ይነቃል ብዬ እገምታለሁ።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልጨምር። የቪዲዮ ቤቱ ተራኪ የተናገረው ፊልሙ ከፈጠነ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚያ ቅጂ ላይ ተዋንያኑ በትንሹ ቀጥነው ሲናገሩ፣ የእሱ ድምፅ ግን ተፈጥሯዊ ነው። አንድ ባለሙያ ፋይሉን «ለማረም» ወደ 24 ምስል ቢመልሰው ተዋንያኑ ወደ ትክክለኛው ድምፃቸው ይመለሳሉ፤ ተራኪው ግን በ120 ኸርዝ የተናገረው በ115.2 ኸርዝ ይሰማል፣ ያልነበረበት ጉርናም ይጨመርበታል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ትክክል የሚያደርግ ፍጥነት የለም።

መቆረጥንና መፍጠንን ለመለየት

ሁለት ቅጂዎች በእጃችሁ ካሉ የሚከተለውን በካሬ ወረቀት ላይ መሥራት ትችላላችሁ። በሁለቱም ላይ በግልጽ የሚታዩ አሥር ያህል ክስተቶችን ምረጡ፤ በር ሲዘጋ፣ ጥይት ሲተኮስ፣ ዘፈን ሲጀምር። ክስተቱ በአንደኛው ቅጂ የታየበትን ደቂቃ በአግድም መስመር፣ በሌላው የታየበትን በቁም መስመር ላይ አስቀምጡ። ቅጂዎቹ በምንም የማይለያዩ ከሆነ ነጥቦቹ ተዳፋቱ 1 በሆነ ቀጥታ መስመር ላይ ይውላሉ። አንደኛው የፈጠነ ከሆነ መስመሩ ቀጥ ማለቱን ሳይተው ተዳፋቱ ይለወጣል። ትዕይንት የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ተዳፋቱ ሳይለወጥ መስመሩ በድንገት እንደ ደረጃ ይወርዳል ወይም ይወጣል።

ለምሳሌ በአግድሙ ፈጣኑን ቅጂ እንያዝ። በ20ኛው ደቂቃ የታየው ክስተት በሌላው ቅጂ በ20 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ፣ በ96ኛው ደቂቃ የታየው ደግሞ በ100ኛው ደቂቃ ከመጣ ተዳፋቱ 25/24 ነው፤ እስከዚያ ድረስ የተቆረጠ ነገር የለም። ሁለተኛው በ99ኛው ደቂቃ ቢመጣ ግን በመካከሉ አንድ ደቂቃ ጠፍቷል ማለት ነው። ነጥቦች እየጨመርን ክፍተቱን ስናጠብ የተቆረጠበትን ቦታ እናገኘዋለን። በዚህ ዘዴ መተማ ላይ ግማሽ ሰዓት ብሠራ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ!

አንዳንድ አንባብያን «ኮምፒዩተሩ ራሱ ተመሳሳይ ፋይሎችን ይፈልግ የለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። ይፈልጋል። ከአንድ ፋይል ባይቶች በስሌት አንድ አጭር የጣት አሻራ ማውጣት ይቻላል፤ ሻ-256 የተባለው ዘዴ 256 ቢት ያለው አሻራ ይሰጣል። ሁለት ፋይሎች አንድ አሻራ ካላቸው በተግባር አንድ ናቸው፣ አንዱን ያለ ሥጋት ማጥፋት ይቻላል። ነገር ግን አንድ ቢት እንኳ ቢለያዩ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ዘዴው ድግምግሞሽን ያረጋግጣል እንጂ ስለ ልዩነት ምንነት አንዳች አይናገርም።

የፋይል መጠንም እንዲሁ አሳሳች ነው። 1920 በ1080 ነጥቦች ያሉት፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ባይት የሚወስድ ምስል በሰከንድ 24 ጊዜ ሲታይ በየሰከንዱ 149 ሚሊዮን ባይት ያህል ይፈልጋል። የ204 ደቂቃው ፊልም ሳይታመቅ ቢቀመጥ 1.83 ቴራባይት፣ ማለትም የባለ ሱቁን ዲስክ ብቻውን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይሆናል። በሁለት ጊጋባይት የሚሸጠው ፊልም እንግዲህ ዘጠኝ መቶ እጥፍ ገደማ ታምቋል። የሚታመቀውም ኮምፒዩተሩ ካለፈው ምስል ሊተነብየው የሚችለውን ሁሉ ስለሚተወው ነው። ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 እንዳሳየው ሊተነበይ የማይችል ነገር አይታመቅም። ከአሮጌ ካሴት የሚመጣው ነጠብጣብና ሽውታ ደግሞ የማይተነበይ ነው። በዚህ ምክንያት መጥፎ ቅጂ በጥንቃቄ ሲታመቅ ከጥሩው የሚበልጥ ፋይል ሊወጣው ይችላል፤ ትልቁ ፋይል ብዙ ጫጫታ የያዘው ሆነ ማለት ነው።

የምስሉ ስፋትስ? «ሾሌ» የተቀረጸው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ሲሆን፣ ለታላላቅ ሲኒማ ቤቶች ወደ 70 ሚሊ ሜትር ሲያድግ ከላይና ከታች ተቆርጦ ነው ሰፊ የሆነው። ሙሉው 204 ደቂቃ በዲቪዲ ሲወጣ በቀድሞው ሙሉ ክፈፍ፣ የተቆረጠው 198 ደቂቃ ደግሞ በሰፊው ክፈፍ ነበር። አንዱ በጊዜ ይተርፋል፣ በስፋት ደግሞ ሌላ ነው። «የቱ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል መመለስ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ላይ ቤትና ታች ቤት

ይህ ጉዳይ ለጎንደር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። በጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት መንገዶች መኖራቸው የታወቀ ነው። የትርጓሜው መምህር አንዱን ንባብ ሲፈታ ሁለተኛ ፍቺ ካለ «አንድም» ብሎ ያስከትላል እንጂ የፊተኛውን አይፍቅም። በእጅ ጽሑፍ ዘመን ሁለት ቅጂዎች በፍጹም ሊመሳሰሉ እንደማይችሉ ሊቃውንቱ ያውቁ ነበርና ልዩነትን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ዕውቀት ይዘውታል። መተማም ራሷ እንዲህ ናት። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የቆሰሉበትን ጦርነት እኛ የመተማ ጦርነት ስንለው፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት በጎረቤቲቱ ከተማ ስም የገላባት ጦርነት ይሉታል። ሁለቱን ስሞች የማያውቅ ተማሪ ሁለት ጦርነት የተደረገ ሊመስለው ይችላል።

የፊልም ቤተ መዛግብት ባለሙያዎችም ወደዚሁ አስተሳሰብ ደርሰዋል። ዓለም አቀፉ የፊልም ቤተ መዛግብት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው የካታሎግ መመሪያ አራት ደረጃዎችን ይለያል። በእኛ አነጋገር ሥራው፣ ንባቡ፣ እትሙና ቅጂው ልንላቸው እንችላለን። «ሾሌ» የተባለው የ1975 ፊልም ሥራው ነው። ባለ 204 ደቂቃውና ባለ 198 ደቂቃው ሁለት ንባቦች ናቸው፤ የአማርኛ ትረካ ያለበትም ሦስተኛ ንባብ ነው። ካሴት፣ ቪሲዲ፣ ዲቪዲና ፋይል እትሞች ናቸው። በእጃችን የያዝነው፣ ጭረት ያለበት ዲስክ ደግሞ ቅጂው ነው። የእኔ ስህተት በዚህ ቋንቋ ሲነገር፣ ሁለት ንባቦችን የአንድ ንባብ ሁለት ቅጂዎች ናቸው ብሎ መፍረድ ነበር።

የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እንደ ሌላ ምሳሌ ልውሰድ። በ16 ሚሊ ሜትር በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ የ150 ደቂቃ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን በቦሎኛ ከተማ ታድሷል። ከእድሳቱ በፊት በቴሌቪዥን ፍጥነት የተቀዳ ቅጂ ያለው ሰው 144 ደቂቃ ያነብባል፤ የጎደለ መስሎት ይጥለው ይሆናል። ምንም አልጎደለውም።

ስም ማውጣት

ወደ ተግባሩ እንለፍ። በቤት ውስጥ የፊልም ክምችትን የሚያደራጁ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚመሩት በአቃፊና በፋይል ስም ነው። በነጻ የሚገኘው ጄሊፊን አንድ ሥራ በአንድ አቃፊ እንዲቀመጥ ይፈልጋል፤ በውስጡ ያሉት ፋይሎች በአቃፊው ስም ጀምረው፣ ከዚያ በኋላ ጭረትና መለያ ሊከተላቸው ይገባል። እንዲህ ከሆነ ፕሮግራሙ አንድ ፊልም ብቻ ያሳይና ንባቦቹን እንድንመርጥ ይሰጠናል። ኮዲ የተባለው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በወጣው 21ኛ እትሙ ይህን ችሎታ አግኝቷል፤ ፕሌክስ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ለሚከፍሉ ደንበኞቹ አቅርቦታል። ለመተማው ክምችት ያወጣነው ስም ይህን ይመስል ነበር፦

ሾሌ (1975) - የተቆረጠ 198 - ሂንዲ - ከዲቪዲ

በዚህ ስም ውስጥ ዓመቱ ሥራውን፣ ቀጣዩ ንባቡን፣ ከዚያ ቋንቋውን፣ በመጨረሻም ምንጩን ይነግረናል። ምንጩን መጻፍ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ አጥብቄ የምመክረው እሱን ነው። «ከካሴት» የሚል አንድ ቃል ቢኖር ኖሮ ስለ ፓል ፍጥነት አስብ ነበር። በስም ውስጥ «አዲሱ»፣ «ጥሩው»፣ «የመጨረሻው» የሚሉ ቃላትን አትጻፉ፤ ከዓመት በኋላ ትርጉም አይኖራቸውም።

በፊደላችን መሰየምን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ስለገባ ዛሬ ፋይልን በአማርኛ መሰየም ችግር የለውም። ነገር ግን ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ ለኮምፒዩተሩ ልዩ ልዩ ፊደላት ናቸው። «ሦስት ሺህ» ብሎ ያስቀመጠ ሰው «ሶስት ሺ» ብሎ ቢፈልግ ላያገኘው ይችላል፤ ከዚያም የለኝም ብሎ ሁለተኛ ያስጭናል። ብዙ ድግምግሞሽ የሚወለደው ከዚህ ነው። ከፊልሙ ርዕስ ካርድ ላይ ያለውን አጻጻፍ መከተል ይሻላል። የዓመተ ምሕረቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ፊልም ሲሆን የሁለቱን አቆጣጠር ማቀላቀል አንዱን ፊልም ሁለት ያደርገዋል።

ሌላው ትንሽ ጉድጓድ የፍላሽ ዲስክ አደረጃጀት ነው። ፋት32 የተባለው ሥርዓት ከ4,294,967,295 ባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ቁጥሩ ሁለት በሠላሳ ሁለተኛ ርቢ ሲቀነስ አንድ ነው። በዚህ ምክንያት ባለ ሱቆች ረጅም ፊልም ለሁለት ይሰብራሉ። «ክፍል 1» እና «ክፍል 2» ንባቦች ሳይሆኑ የአንድ ቅጂ ስባሪዎች ናቸው፤ ፕሮግራሙ እንደ ሁለት ንባብ ካየቸው አንድ ሰው አንዱን «ድግግሞሽ ነው» ብሎ ያጠፋዋል።

ሙቀቱ

መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ናት፤ በመጋቢትና በሚያዝያ በጥላ ሥር ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። በገበያ ያሉት ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስኮች የተሠሩት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አካባቢ እንዲሠሩ ነው። ሙቀት ዲስክን ወዲያው ይገድላል ማለት ግን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የጎግል ተመራማሪዎች ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮችን ተከታትለው በሙቀትና በብልሽት መካከል የጠበቁትን ያህል ጠንካራ ዝምድና አላገኙም። ያ ግን አየር በሚቀዘቅዝበት አዳራሽ የተደረገ ጥናት ነው እንጂ በቆርቆሮ ሱቅ የተደረገ አይደለም። ፍላሽ ዲስክ ደግሞ መረጃን የሚይዘው በታሰሩ ኤሌክትሮኖች ስለሆነ ሙቀት በጨመረ መጠን ማምለጣቸው ይፈጥናል። ለዓመታት ሳይነካ የሚቀመጥ ነገር በፍላሽ ላይ አይተው።

ስለዚህ የተለመደው ምክር ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ በሌላ ቦታ የሚለው ነው። «በሌላ ቦታ» የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ከመተማ ማዶ በመረረ መንገድ ታይቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ የሱዳን ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚገኝበት የኦምዱርማን ሕንፃ በውጊያው መካከል ወደቀ፤ የሱዳን ጦር መልሶ የያዘው በመጋቢት 2016 ነው። የዐሥርት ዓመታት ድምፅና ምስል የተከማቸው በዚያ ሕንፃ ነበር። በእነዚያ ወራት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ድንበሩን ተሻግረዋል፤ ከቤቱ ሸሽቶ የሚወጣ ሰው የቪዲዮ ካሴት አይሸከምም።

ሦስተኛው ዲስክ

ያጠፋሁትን ፋይል ለማስመለስ ሞክረን ነበር። ፋይል ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ የሚሰርዘው ከማውጫው ላይ ያለውን መዝገብ እንጂ ይዘቱን አይደለም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ባይቶቹ በቦታቸው ይቆያሉ። ነገር ግን ባለ ሱቁ ቦታ በመገኘቱ ተደስቶ በዚያው ማታ ሃያ ያህል አዲስ ፊልም ጭኖበት ነበር። ያገኘነው የማይከፈት ቁርጥራጭ ብቻ ሆነ። አዛውንቱን ይቅርታ ስጠይቃቸው «ምን ታደርገዋለህ፣ እሱም ሞቷል» አሉኝ። ያ አነጋገር ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 ያልተቆረጠው «ሾሌ» በቀድሞው መጨረሻ ታድሶ በቦሎኛ ፌስቲቫል ታየ። የታኩርና የጋባር ነገር እንግዲህ በደኅና እጅ ነው። የመተማው ተራኪ ድምፅ ግን በቦሎኛም በሙምባይም አይገኝም።

በ2011 ዓ.ም. ለጥምቀት ጎንደር ስንገናኝ የቀድሞው ተማሪዬ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ቪሲዲ ሰጠኝ። አዛውንቱ ከሣጥናቸው አውጥተው የላኩት ነው። ካሴቱ በአንድ ወቅት ወደ ቪሲዲ ተገልብጦ ኖሯል። አንድ ቪሲዲ 74 ደቂቃ ያህል ስለሚይዝ 196ቱ ደቂቃ በሦስት ዲስክ ተከፍሏል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ልጆች ተጫውተውባቸው አልቀዋል፣ የቀረው ሦስተኛው ነው። ምስሉ 352 በ288 ነጥብ፣ ማለትም ከዛሬው ሰፊ ምስል ሃያ እጥፍ ያነሰ ነው። ቪሲዲ ለስህተት ማረሚያ ይውል የነበረውን ቦታ ለምስል ስለሚያውለው ጭረትን አይችልም፤ የእኛም ዲስክ በሁለት ቦታ ይቆማል። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ፈልጌ ሌሊቱን በቀስታ አስነበብሁት።

ከ149ኛው ደቂቃ ጀምሮ ያለው 48 ደቂቃ ወጣ። በስተመጨረሻው ታኩር ጋባርን ይገድለዋል፤ ተራኪውም ለጥቂት ሰከንዶች መተረኩን ትቶ ዝም ይላል፣ ከኋላው በቪዲዮ ቤቱ የነበሩ ሰዎች ጩኸት ይሰማል። ፋይሉን በሦስት ቦታ አስቀምጬዋለሁ፤ አንዱ በመምህሩ እጅ፣ አንዱ በእኔ ዘንድ፣ አንዱ በአዛውንቱ ቤት። ስሙም «ሾሌ (1975) - ሙሉ 204 - የመተማ አማርኛ ድምፅ - ከቪሲዲ ሦስተኛ ዲስክ፣ በፓል ፍጥነት፣ አልታረመም» የሚል ነው።